ኑኃሚን ቅዳሜን የጠላችበት ዓመት

ልደታ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሠርካዲስ፣ ሻርጃ፦

በመጀመሪያ የልደታዋ እመቤት ከነልጇ ትጠብቅሽ። ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በሰው ቤት ጓሮ በር ገብቶ አንቺ ጋ ይድረስ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። እማማ ደህና ናት፣ ልጅሽ ኑኃሚን ደህና ናት፣ እኔን ደሞ ታውቂኛለሽ፣ እኔ ምን እሆናለሁ!

አሠሪሽ ስልክሽን ከቀማችሽ ጀምሮ ይኸው ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ ያልነካሁት ልጅ ጸሐፊ ሆኜልሻለሁ። ፊደሉ ከተጣመመ ብየዳ ነው ብለሽ እለፊው። ይህን ይዛልሽ የምትመጣው ሸምሲያ ናት፣ አብነት ልብስ የምትነግደዋ። በሁለት ወር አንዴ ዱባይ ደርሳ ትመለሳለች። መልስሽንም ለሷ ስጪ።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። የልጅሽን ቀለብ በስምሽ እንድቀበል የላክሽው ውክልና ደርሶኛል። አለቃዬ ጋሽ ቶሌሳ ማኅተሙን አይቶ «አንተ ልጅ፣ አምባሳደር ሆንክ እንዴ?» አለኝ በብየዳ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ፊት። በማግስቱ ቀጥ ብዬ እንድርያስ ጋ ሄድኩ። ሜክሲኮ ካፌ በረንዳ ላይ እግሩን አጣምሮ አገኘሁት። አይሱዙ መኪናውን ሽጦ ሌላ ትልቅ ገዝቷል። «ስማ፣ ፍርድ ቤት በየወሩ መጨረሻ ለልጅህ ቀለብ አራት ሺህ ብር ክፈል ብሎሃል። ከዛሬ ጀምሮ ተቀባዩ እኔ ነኝ» አልኩት። ደነገጠ! ማኪያቶ ጋበዘኝ።

ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ፦ «በድልዬ፣ አንተ እኮ አራዳ ነህ። እህትህ በየወሩ አራት ሺህ እየለቀመች ምን አተረፈች? በሽንኩርትና በዘይት አለቀ። እኔ ጋ እንደ እቁብ ይጠራቀም፣ ለገና አንዴ ጥቅልል አድርጌ እሰጥሃለሁ። ወንድ ልጅ ብር የሚይዘው በጥቅል ነው።»

አሰብኩት ሠርኬ። ልክ ነው። እስከ ገና አሥራ ስድስት ሺህ ይሆናል። የኑኃሚንን አልጋ እኔው በይጄላት፣ ፍራሽ ብቻ እገዛለሁ። ተጨባበጥን። ለጀለሶቼ ለሔኖክና ለሙኒር ስነግራቸው «አንተ ባትኖር ያቺ ልጅ ምን ይውጣት ነበር!» አሉ። እስከዚያ በኔ ክንድ ትኖራለች፣ አባቷ ካደረገላት በላይ አደርግላታለሁ። ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። አንቺ ፈታ በይ።

ወንድምሽ በድሉ


ሻርጃ
ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለበድሉ፦

እንደምን ከርመሃል? እናቴ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ልጄስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራው አይከብድም። ሰዎቹም ክፉ አይደሉም።

ደብዳቤህን ልብስ ከማጥብበት ክፍል ውስጥ ሦስቴ አነበብኩት። ሳቅሁም። ግን ወንድሜ፣ እቁብ ያልከው ነገር አልገባኝም። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። እንድርያስ ጋ ያለው እቁብ ዳኛው ማን ነው? እኔ ከእሱ ጋር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ማኪያቶ ሲጋብዝ ነው የምፈራው። እባክህን በየወሩ ተቀበለው። አንድ ሺህም ቢሰጥህ ተቀብለህ አስፈርመው። እምቢ ካለህ ፍርድ ቤቱ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ደመወዞች ኤጀንሲው ስለሚወስዳቸው ለጊዜው የምልከው የለኝም። ሲስተካከል እልካለሁ።

ኑኃሚን ማታ ማታ ምን ትበላለች? ጫማዋስ? ስሄድ ልክ ሆኗት ነበር፣ የልጅ እግር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፎቶ አስነስተህ ላክልኝ፣ ቆማ ትሁን።

እግዚአብሔር ያበርታህ።
እህትህ ሠርካዲስ


ልደታ
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሠርኬ፦

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰሽ! ያለ እኛ የበላሽው በዓል በሚቀጥለው ዓመት በእጥፍ ይካስልሽ። እኛ ደህና ነን፣ በጣም ደህና ነን።

ስለ ጫማ ስለ እራት የጠየቅሽው አስቆኛል። በድሉ ባለበት ቤት እራት ይጠየቃል? ለገና ሥጋ በልተናል። ኑኃሚን ትምህርቷን እየጨፈጨፈችው ነው። ከትምህርት ፍቅር የተነሳ ቅዳሜ ሲመጣ ታለቅሳለች! እንደዚህ ያለች ልጅ ልደታን ዞረሽ አታገኚም። እማማም በርትታለች፣ ጸሎት አብዝታለች። ገና ከተፈሰከም በኋላ «እኔ እጾማለሁ፣ እናንተ ብሉ» ትላለች። መነኩሴ ልትሆን ነው መሰለኝ።

እንድርያስ ለገና አልሞላለትም። መኪናው ሞተር አስወርዶ ነው፣ እኔም እንደ ወንድ ተረዳሁት። «ለግንቦት ልደታ፣ በሰፈሩ ሰው ፊት፣ ሠላሳ ሁለት ሺህ እቆጥርልሃለሁ» ብሎ ማለልኝ። በየወሩ ቢሆን ይሄ ሁሉ ብር አንድ ላይ ይታይ ነበር? በዚያ ላይ በየወሩ እየሄዱ እጅ መዘርጋት ለኔ ዓይነት ሰው አይሆንም። ለማኝ ነኝ እንዴ?

ፎቶውን ሜክሲኮ ፎቶ ቤት ነው የተነሳችው። ቀሚሷን እማማ ናት ያጠበችው። ቆማ ነው እንዳልሽው።

የብረት መቁረጫዬን ግራይንደሩን ለአንድ ጓደኛዬ ስላዋስኩት ሰሞኑን ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ይመለሳል። ደሞ እንዲያው፣ የአሠሪሽ ልጆች የጠበባቸው ጫማ ካለ በሸምሲያ ላኪ። ቸግሮን እንዳይመስልሽ። የውጭ ጫማ ጥንካሬ ስላለው ነው።

ወንድምሽ በድሉ፣ የአብነቱ


ሻርጃ
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበድሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። የእናቴን ጾም ጌታ ይቀበልላት። እኔ ደህና ነኝ።

ፎቶዋ ደርሶኛል። አይቼዋለሁ።

በሸምሲያ እጅ ሦስት መቶ ድርሃምና አንድ ጥንድ ጫማ ልኬያለሁ። ጫማው ከሰፋ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጨምሩበት። ብሩን ለእናቴ ስጣት እንጂ አንተ አትያዘው፣ አትቀየመኝ።

እዚህ ጎረቤት ቤት የምትሠራ ቤርሳቤህ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አለች። እሷም ከልጇ አባት ጋር ፍርድ ቤት ተመላልሳለች። የእንድርያስን ነገር ሳጫውታት ደነገጠች። «ቀለብ በጊዜው ካልጠየቁት ይቃጠላል፣ እንደ እቁብ አይጠራቀምም» አለችኝ። ጊዜው ስንት ወር እንደሆነ አላስታወሰችውም። እባክህ በድሉ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት ፍርድ ቤት ሄደህ ጠይቅልኝ። የኔ ደብዳቤ አንድ ወር ሲሄድ አንድ ወር ሲመጣ ጊዜው እየነጎደ ነው። እዚህ ሆኜ ለልጄ ላደርግላት የምችለው ይህን መለመን ብቻ ነው።

ለምን ቅዳሜ እንደምታለቅስ ደግሞ ጠይቃት።

እህትህ ሠርካዲስ


ልደታ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠርካዲስ፦

የግንቦቷ ልደታ ረድኤቷ አይለይሽ። ጫማውም ብሩም ደርሷል፣ ብሩን እንዳልሽው ለእማማ ሰጥቻታለሁ። ደህና ነን።

መቼም አንዴ ሆኗልና ልንገርሽ። ስለ ቃጠሎ የጻፍሽው መጋቢት ላይ ደርሶኝ ነበር። አልሄድኩም። የሴቶች ወሬ ነው ብዬ ነው። ደሞ ከእንድርያስ ጋር የወንድ ቃል አለን።

ግንቦት አንድ ቀን ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲያድል እንድርያስ መጣ። አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሷል። በሰው ፊት እንዲያፍር ብዬ ጮክ አድርጌ «እህ፣ እቁቡ ደረሰ አይደል?» አልኩት። ጠጋ ብሎ ጆሮዬ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የቱ እቁብ? በድሉ፣ ሕግ አታውቅም እንዴ? ሦስት ወር ያለፈው ቀለብ ሞቷል። ጠበቃ ጠይቄያለሁ።» ንፍሮውን ዘግኖ ሄደ።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፍ ጋሽ ሸዋዓለም የሚባል ሼባ አለ፣ ድሮ መዝገብ ቤት የሠራ። እሱ ጋ ሮጥኩ። መነጽሩን አውልቆ እንዲህ አለኝ፦

«ልጄ፣ ቀለብ ማለት የዛሬ ጉሮሮ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ካልተቀበልከው ወይም ካልጠየቅከው፣ ሕጉ ያለሱም ኖራለች ብሎ ይተወዋል። ለመኖር ያስፈልጋት እንደነበር ካስረዳህ ብቻ ነው ያለፈው የሚከፈልህ።»

«ጠይቄዋለሁ እኮ ጋሼ!»

«ማን ሰማህ?»

«ሔኖክና ሙኒር።»

«ምን ብለህ ነገርካቸው?»

«እንዲጠራቀም መስማማታችንን።»

«ታዲያ ይሄ መጠየቅ ነው አለመጠየቅ?»

«ጋሼ፣ ክሱን ጻፍልኝ» ብዬ ለመንኩት ሠርኬ። እኔ ሰው ስለምን አይተሽ ታውቂያለሽ?

ግንቦት 8 ክሱን አስገባን። የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ጊዜው አላለፈበትም። ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ሃያ ሺህ ግን አልፎበታል። የጥሩማ በስምንት ቀን ነው ያመለጠን። ግንቦት ልደታ ብሎ የቀጠረኝ ለበዓሉ ክብር መስሎኝ ነበር፣ ለካ ቀን ቆጥሮ ነው።

ግን አትስጊ! ቀጠሮው ግንቦት 28 ነው። ጀለሶቼም መጥተው ያዩኛል። እኔ አፌን ስከፍት እንድርያስ መግቢያ ያጣል።

ወንድምሽ በድሉ


ልደታ
ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠርኬ፦

ሸምሲያ ነገ ትበራለች፣ ስለዚህ ቶሎ ብዬ ነው የምጽፈው። ከላይ የተሰረዘችውን አይተሻታል? «ደህና ነን» ብዬ ጀምሬ ነው የሰረዝኳት።

ትናንት ችሎት ቀረብን። ዳኛዋ ሴት ናት፣ እኔን «እርስዎ» ነው ያለችኝ። «አቶ በድሉ፣ ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት አምስት ወራት ልጅቷ ተቸግራ ነበር?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጥ እንድርያስ ብድግ አለ። «ይህ ልጅ ‹ከአባቷ በላይ አደርግላታለሁ፣ የሚጎድላት የለም› እያለ ነው ለሰፈሩ ሲያወራ የከረመው። እስቲ ራሱን ይጠይቁት።»

ዳኛዋ ወደኔ ዞረች። ሔኖክና ሙኒር ከኋላዬ ተቀምጠዋል፣ ኑና እዩኝ ብዬ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ሠርኬ፣ አፌ ብቻውን ሄደ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በድሉ ባለበት ቤት ልጅ አይራብም!» አልኩ። ሙኒር አጨበጨበ። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ያለፈውን ለምን ይጠይቃሉ?» አለችኝ። ለሰኔ 20 ቀጥራ «ማስረጃ ካለዎት ያቅርቡ» አለች።

ጋሽ ሸዋዓለም ውጭ ጠብቆኝ «ሃያ ሺህ ብር በአንድ ጉርሻ የዋጠ ሰው ዛሬ አየሁ» አለኝ። ከዚያ «ለእናቷ ስትጽፍ መቸገራችሁን የነገርክበት ደብዳቤ የለህም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ላይ ደህና ነን ነው ያልኩት።

ስለዚህ አሁን ስሚኝ። ግራይንደሩን አላዋስኩም፣ ኅዳር ላይ ሸጬዋለሁ። በእጅ መጋዝ የሚቆርጥ ሰው ስንት በር ያወጣል? ከጋሽ ቶሌሳ የሁለት ወር ደመወዝ ቀድሜ ወስጃለሁ። ለገና ሥጋ አልበላንም፣ ጎረቤት ያመጣልንን ወጥ ነው የበላነው። እማማ መነኩሴ ልትሆን አይደለም። ምግቡ ለሦስት ሰው ስለማይበቃ ነው «ጾም ነኝ» የምትለው። ጫማዋን ጫፉን በቢላ የቆረጥኩላት እኔ ነኝ፣ ጣቷ እንዲወጣ።

ቅዳሜን ጠይቃት ብለሽኝ ነበር። ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ያበሏታል፣ ቅዳሜና እሁድ ግን የለም። ማታ እኛ ጋ ሻይ በዳቦ ነው፣ አንዳንዴ ሻዩ ብቻ። ሠርኬ፣ ልጅሽ ቅዳሜ የምታለቅሰው ርቧት ነው። እኔ ደሞ በጉብዝናዋ እየፎከርኩ ጻፍኩልሽ። ያኔም አውቀው ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀን ቅዳሜ ነው።

ሔኖክና ሙኒር ፊት ይህን በአፌ የምናገረው አይመስለኝም። ምን ላድርግ?

በድሉ


ሻርጃ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

በድልዬ፣ ወንድሜ፦

ሸምሲያ ነገ ስለምትመለስ እኔም በቆምኩበት ነው የምጽፈው።

አውቄ ነበር። ፎቶው ላይ ጣቷን አየሁት። እናታችን ገና ተፈስኮ የምትጾም ሰው አይደለችም፣ ሥጋ ከልጆቿ እኩል የምትወድ ሴት ናት። አውቄ ዝም ያልኩት አንተ እንዳትሰበር ብዬ ነው። ይህም የኔ ጥፋት ነው፣ ሁለታችንም ስንደባበቅ ልጅቷ ናት የተራበችው።

እኔም ደህና ነኝ እያልኩ ዋሽቼሃለሁ። እስከ ዛሬ የተከፈለኝ የሁለት ወር ብቻ ነው። ያን ሦስት መቶ ድርሃም የላክሁት የጆሮዬን ወርቅ ሸጬ ነው። ለእናቴ አትንገራት።

አሁን የምነግርህን አድርግ። አራት ደብዳቤ ጽፈህልኛል፣ ሦስቱ ጉራ ናቸው፣ እዚሁ ይቀመጡልኝ፣ ሲከፋኝ እስቅባቸዋለሁ። አራተኛውን መልሼ ልኬልሃለሁ፣ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። በአፍህ መናገር ካቃተህ እሱን አንብበው። ከጽሕፈትህ ሁሉ ያለ ማጣመም የጻፍከው እሱን ብቻ ነው። ጋሽ ቶሌሳንና አስተማሪዋን ለምናቸው፣ ያዩትን ይመስክሩ።

ማፈር ያለበት የተራበው ሰው አይደለም። እናቷ ትታት የሄደችው እኔ ነኝ፣ አባቷ ቀን የቆጠረባት እሱ ነው። አንተ ግን ግራይንደርህን ሸጠሃል። ቀና ብለህ ቁም።

እህትህ ሠርካዲስ


ልደታ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠርካዲስ፦

ልጅሽን ከነእናትሽ ያቆየልሽ አምላክ አንቺንም በደህና ያምጣልኝ።

ሔኖክንና ሙኒርን አትምጡ ብያቸው ነበር። መጡ። ጋሽ ቶሌሳ የብየዳ ቱታውን እንደለበሰ መጥቶ ቆመ። «ይህ ልጅ ጉረኛ ነው» ብሎ ጀመረ፣ ሳቁ። «ግን ለብየዳ ሠራተኛ ግራይንደር መሸጥ እጁን መሸጥ ነው። ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ‹አዲስ ልገዛ ነው› አለኝ። በሳምንቱ ዱቄት ተሸክሞ ሲገባ አየሁት» አለ። ያኔ መሳቁ ቀረ። አስተማሪዋ ወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች፣ ኑኃሚን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ራሷን ትደፋ እንደነበር የሚል።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ደብዳቤውን አወጣሁ። ፊደሉን ራሴው ጽፌው ራሴው ማንበብ አቃተኝ። «ቀስ ብለው ያንብቡ» አለችኝ ዳኛዋ። ጾሙን አነበብኩ፣ ጫማውን አነበብኩ። ቅዳሜ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሙኒር ነው ከኋላ ሆኖ ቀስ ብሎ «በለው ወንድሜ» ያለኝ። ጨረስኩት። እንድርያስ ወለሉን ነበር የሚያየው። ዳኛዋ «አቶ እንድርያስ፣ ቅዳሜን ያውቁ ነበር?» አለችው። «አልነገሩኝም» አለ። «ጠይቀው ያውቃሉ?» አለችው።

ከሳምንት በኋላ ውሳኔው ተሰማ። ያለፈው ቀለብ ለኑሮዋ ያስፈልጋት እንደነበር ተረጋግጧል ተባለ። ሠላሳ ሁለት ሺውም ይከፈል። ግማሹ ገብቷል፣ ግማሹ በመስከረም ነው። ከእንግዲህ በየወሩ በሠላሳኛው ቀን እኔ ራሴ እሄዳለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ አስፈርማለሁ። ጋሽ ሸዋዓለም ደብተር ገዝቶ ሰጥቶኛል፣ «ጉራህን እዚህ ላይ ጻፍ» ብሎ።

ሙሉ በሙሉ ደህና አይደለንም። የጋሽ ቶሌሳ ብድር አለብኝ፣ ግራይንደሩም አልተመለሰም። ግን ዱቄት አለ፣ ዘይት አለ፣ እማማም ትናንት «ዛሬስ ጾም አይደለም» ብላ ከእኛ እኩል ቀረበች። የጆሮሽን ወርቅ አልነገርኳትም፣ እሷ ግን የምታውቅ ይመስለኛል። ደመወዝሽን እዚያ የሚጠየቅበት ቦታ ካለ ጠይቂ፣ ቀን ቁጠሪ፣ እንደኔ አትሁኚ።

ትናንት ጠዋት ኑኃሚን ዓይኗን ከፍታ «በድልዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለችኝ። ልዋሻት አሰብኩ፣ ተውኩት። «ቅዳሜ ነው» አልኳት። ድስቱ የተጣደበትን ጥግ ዞር ብላ አየች።

«እሺ» አለችና ተመልሳ ተኛች።

በድሉ